የፊት ወንበር

እናትየው መቅዘፊያዋን ውሃ ውስጥ ስትነክር ወገቧ ላይ አንድ ነገር ጎደለባት። ከኋላዋ የተቀመጠችው ልጇ የእግር መደገፊያውን በረገጠች ቁጥር ግፊቱ በጀልባዋ አልፎ እሷ ወንበር ድረስ ይመጣ ነበር። ዛሬ ግን ልጅቱ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ በጣቶቿ የምትራመድ ይመስላል።

ሁለት ሰው በሚቀዝፍበት ጀልባ የፊተኛዋ ምቱን ትመራለች፤ የኋለኛዋ ትከተላለች። ልጅቱ ክለቡ ከገባች ጀምሮ የፊት ወንበር የእናትየው ነው። ዙፋኗ ነው ማለት ይቻላል፤ እሷ ባትናገረውም አገር ያውቀዋል። ክለቡ ለትልቁ ውድድር የሚልከው አንድ ጀልባ ብቻ ነው፤ እሱም ዛሬ፣ ትንሽ ቆይቶ ይለያል። ተፎካካሪዎቻቸው፣ አንዲት የክለቡ አባል ነርስና የገዛ እህቷ፣ ወዲያ ማዶ ሰውነታቸውን እያሟሟቁ ነው።

እናትየው ዓይኗን ጨፈነች። ሽማግሌው አሰልጣኝ ሁሌም እንዲህ ያስቀዝፋቸዋል። “ዓይን ይሸነግላል፣ መቀመጫ ግን አይዋሽም” ይላል፤ እሱ እንኳ መቀመጫ አይልም፣ በስሙ ነው የሚጠራው። ምቱን ፈጠን አደረገችው። ትከሻዋ ተወጠረ፣ ትንፋሿ አጠረ፤ ወዲያው የልጅቱ ግፊት ይብስ ለሰለሰ። ቀዝቀዝ ስታደርገው ግፊቱ ተመለሰ። እንደገና ሞከረችው፣ ያው ነው።

ፊቷ ጋለ።

“እያዘንሽልኝ ነው እንዴ?” አለች ሳትዞር።

ልጅቱ ነፋሱ ነው አለች። ቀጥላ ደግሞ እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር አለች።

“ልጅ ለእናቷ ምጥ ልታስተምር! በሙሉ እግርሽ ርገጪው።”

“ከረገጥኩትማ አትደርሺብኝም፣ እማ” አለች ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

እናትየው መቅዘፊያውን ጭኗ ላይ አጋደመችው። ቃሉ እንደ ጥፊ ነው የተሰማት፤ አመማት፣ እውነትም ስለሆነ ይበልጥ አመማት። ግን ቆይታ ስታስበው፣ ይቺ ልጅ የእናቷን ትንፋሽ በጀልባ ወለል በኩል እየሰማች፣ ጉልበቷን በዚያው ልክ ስትመጥን ነው የቆየችው። እንዲህ መስማት ስንቱ ይችላል? ያስተማራትስ ማን ሆነና! ልቧ ቅቤ ጠጣ፤ ንዴቱም እዚያው እንዳለ ነው።

የጀልባዋን አፍንጫ ወደ መውረጃው አዞረች። “ውረጂ፣ ቦታ እንቀያየራለን።”

አሰልጣኙ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ጮኸባት። በውድድር ቀን ወንበር የሚቀይር እብድ ብቻ ነው አለ። እሷ ግን ተንበርክካ የፊተኛውን የእግር መደገፊያ ለልጇ ረጅም እግር አርቃ ገፋችው፤ ብሎኑንም ራሷ አጠበቀችው።

“እማ፣ ተይ፣ ግድ የለም” አለች ልጅቱ።

“ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ዞር ብለሽ እንዳታዪኝ ብቻ።”

መነሻው መስመር ላይ ሲደርሱ የልጇን ጀርባ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ሆና አየችው። መቼ ነው እንዲህ የሰፋው? ትንሽ ካየችው በኋላ ዓይኗን ጨፈነች።

ፊሽካው ተነፋ።

ግፊቱ ከጀልባዋ ሆድ ውስጥ መጣ፣ ምንም ሳይቆጠብ። ጀልባዋ ከውሃው ብድግ አለች። የእናትየው ክንድ ተቃጠለ፣ ደረቷ ጠበባት፤ አሁን ግን መምራት የለባትም፣ መከተል ብቻ ነው። የነርሷ መቅዘፊያ መጀመሪያ በቀኝ ጆሮዋ ትይዩ ይንቦጫረቅ ነበር። ቀስ በቀስ ከኋላዋ ሆነ። በመጨረሻ አልተሰማትም።

ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ይህን እርግጫ ታውቀዋለች። ልጅቱ ገና ስም ሳይወጣላት፣ እሷ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ “ምን ዓይነት ጉልበት ነው በሉ!” እያለች ለጎረቤት ሁሉ ያስዳሰሰችው እርግጫ ነው።