የማሳው ጥግ

የመስኖ ባለሙያው እማማ ድንቄን ጉድጓድ እንዲያስቆፍሩ ለማሳመን ሁለት ጊዜ ተመላልሶ አልሆነለትም። ዛሬ ከሳተላይት የተነሣውን የማሳቸውን ካርታ በታብሌት ይዞ መጣ።

«ይኸው የእርስዎ ማሽላ። ዝናብ ባጠረ ቁጥር ሁሉም ይጠወልጋል። ይቺ ጥግ ግን አምስት ዓመት ሙሉ አረንጓዴ ናት፤ ሥሯ ውሃ አለ ማለት ነው። ጉድጓድ ይቆፈርና ማሳውን በሙሉ ያጠጡበታል።»

«እዚያ አይቆፈርም» አሉ እማማ ድንቄ።

ቁፋሮው በነጻ እንደሆነ፣ ምርታቸውም እጥፍ እንደሚሆን አስረዳቸው። እሳቸው ጥጓን በጣታቸው ቢነኳት ሥዕሉ ትልቅ ሆነ።

«ውሃው ስንት ሜትር ላይ ነው?»

«ቢበዛ ስምንት።»

«ባለቤቴ ሰባት እንደ ቆፈረ ነው አፈሩ የተናደበት» አሉ። «ልናወጣው አልቻልንም፤ እዚያው ቀረ። ከደረቅ መሬት ውሃ የሚፈልግ እብድ እያሉ አገሩ ሁሉ ሲስቅበት ነበር።»

ባለሙያው ታብሌቱን ሊያጠፋ ሲል እጁን ያዙት።

«አታጥፋው፣ ልጄ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይዘኸው ና። የሳቁት ሁሉ ከዚያ አይጠፉም።»