ባቄላ የምታህለው ጥላ

ዌንዴል ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚያገናኝ ገመድ ሲገዛ ለሻጩ «የሆኪ ጨዋታ ላይበት ነው» አለው። ውሸቱን ነው። ሊያይ የፈለገው የጎረቤቱን ውሻ አሟሟት ነበር።

ጎረቤቱ አርዲስ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የመኪና መግቢያ ይጋራሉ። ሩፈስ የሚባለው ውሻ ከሟቹ የቀራት ነበር። በጥር አንድ ጠዋት ዌንዴል ፒክአፑን ወደ ኋላ ሲያወጣ ጎማው አንድ ነገር ላይ ወጥቶ ወረደ። በአሜሪካዋ ዱሉት ከተማ የበረዶ ክረምት ጎማ የማይወጣበት ነገር የለምና ሳይወርድ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ሲመለስ አርዲስ ከመኪናዋ አጠገብ በረዶው ላይ ተንበርክካ ሩፈስን አቅፋ ታለቅሳለች።

«አሁን ከእህቴ ቤት ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት» አለችው። «አንተ ምንም አላየህም?»

«ኧረ ምንም።»

«በርህ ላይ ያለችው ካሜራስ?»

«ብርዱ ገድሏታል።»

ካሜራዋ ደህና ነበረች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ዌንዴል ግን ወግቶም መርሳት አቃተው። ከራሱ ደጅ በፊት የእሷን በረዶ ይዝቃል። የተበላሸ ቧንቧዋን ይጠግናል። እሷ ደግሞ በየሳምንቱ ድንች ተደርድሮበት በምድጃ የተጋገረ ሥጋ ይዛለት ትመጣለች። በዚያ አገር እንዲህ ያለው ምግብ የሚሄደው ሐዘን ወደ ደረሰበት ቤት ነው፤ እዚህ ግን ተሸካሚዋ ሐዘንተኛዋ ራሷ ሆነች። ዌንዴል «ምን ዓይነት ደግ ሴት ናት!» እያለ ይበላል።

ካሜራዋ የቀረጸችውን በኮምፒውተሩ ደጋግሞ ከፍቶታል። በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ ከኋላ ጎማው አጠገብ ባቄላ የምታህል ጥላ ትታያለች። ጥላዋ ጋ ሲደርስ ልቡ እምቢ ይለውና ያቆመዋል። ከዚያ አልፎ አይቶ አያውቅም።

አሁን ግን ቆርጧል። በሰፊው ቴሌቪዥን ያያል፤ ጥላዋ ሩፈስ ከሆነች ሄዶ ይነግራታል። ሚስቱ ትታው ከሄደች ወዲህ በሩን የምትከፍት ሰው አርዲስ ብቻ ናት። ብትቀየመው ሌላ ሰው የለውም።

ቀረጻውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ጥላዋ ጋ አቆመውና ገመዱን ሰካ። ቴሌቪዥኑ ላይ የሐይቅ ሥዕል መጣ፤ ሌላ ምንም የለም። ማውዙን ቢያንቀሳቅስ ቀስቷ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ቀረች። ነቀለ፣ ሰካ፣ ተራገመ። በሩ ተከፈተና አርዲስ ትሪዋን ይዛ ገባች።

«ምነው ከዕቃ ጋር ትጣላለህ?»

«ሆኪ ላይበት ብል ይሄ ጉድ ሥዕል ብቻ እያሳየኝ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ቴሌቪዥኑን ሌላ ስክሪን አድርገኸው እኮ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት እንዲያሳዩ ማዘዝ አለብህ።»

«ተዪው አርዲስ፣ ነገ እኔው...»

«ዞር በል ባክህ! ለሆኪህ ብዬ እንዳይመስልህ፤ እርግማንህ እኔ ቤት ድረስ እየተሰማ ነው።»

ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነች። የመኪና መግቢያቸው ቴሌቪዥኑን ሞላው፤ ፒክአፑ ቆሟል፣ ጥላዋም ከጎማው አጠገብ ናት።

አርዲስ ትሪዋን አስቀመጠች። «ካሜራዋ ሞታለች አላልከኝም?»

«ዋሸሁሽ» አለ ዌንዴል። «ሩፈስን የገደልኩት እኔ ነኝ። ልነግርሽ ፈልጌ ፈራሁ። ክረምቱን ሙሉ እያፈርኩ ነው ከእጅሽ የበላሁት።»

«ይቅር ብዬሃለሁ። ዝጋው።»

«እንዲህ በቀላሉ?»

«ይቅር አልኩህ እኮ! ዝጋው በቃ!»

«አይሆንም። ያደረግኩትን ሳላይ ይቅርታሽን አልቀበልም።»

አስጀመረው። ፒክአፑ ወደ ኋላ ተንቀሳቀሰ። ጥላዋ አሁን ጥላ አልነበረችም፤ ከፓራፋንጎው ሥር የወደቀች የቆሸሸች የበረዶ ጓል ነበረች። ጎማው ወጣባትና ፈረሰች። መኪናው ሄደ።

ከዚያ ሩፈስ ከጓሮ በኩል ጭራውን እየቆላ መጣ። የፈረሰውን በረዶ አሸተተ።

ዌንዴል ማመን አቃተው። «አርዲስ፣ ደህና ነበር! እኔ አይደለሁም! አየሽው? ቆሞ እየሄደ ነው እኮ!»

አርዲስ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ቴሌቪዥኑ ላይ ሩፈስ ጆሮውን ቀና አደረገ፤ የሚያውቀውን ሰው ሊቀበል እንደሚሮጥ ውሻ ወደ መንገዱ ሮጠ። ድምፁም አሁን ከቴሌቪዥኑ ነበር የሚወጣው። ገና ያልታየ መኪና ሲታጠፍ ተሰማ።

«ድምፁን ዝጋልኝ፣ ዌንዴል» አለች አርዲስ። «ያን ጩኸት አንዴ ሰምቼዋለሁ።»