ዋጋው ያልተነገረ ሌንስ

ፎቶ አንሺው ሁለት ሌንስ ቀርቦለት ነበር፤ ሁለቱንም አላመናቸውም። አይፈረድበትም። ባለፈው ዓመት ከአንድ አፈ ጮሌ ያገለገለ ሌንስ ገዝቶ፣ ለካ ውስጡ ሻጋታ ኖሮበት፣ የአንዲት ሙሽራ ሠርግ ከዳር እስከ ዳር ጉም ለብሶ ወጣ። ሙሽራዋ አለቀሰች፤ እናቷ ስሙን እየጠሩ ለሰፈሩ ሁሉ ነገሩ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። አሁን ከስንት ጊዜ በኋላ ለእሁድ አንድ ሠርግ አግኝቷል። ይህም ከተበላሸበት ካሜራውን ሰቅሎ ሌላ ሥራ መፈለጉ ነው።

የመጀመሪያው ሌንስ የሚሸጠው ፎቅ ላይ፣ ከስልክ ጠጋኞች አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። አዲስ ነው፤ ካርቶኑ አልተከፈተም። ግን በአምራቹ ወኪል በኩል ሳይሆን በጎን የገባ ዕቃ ስለሆነ፣ ቢበላሽ ወኪሉ ዞር ብሎም አያየው።

«ዋስትናውስ?» አለ ፎቶ አንሺው።

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ?» አለ ባለሱቁ።

«አንተ ባትኖርስ?»

«የት እሄዳለሁ ወንድሜ?»

ፎቶ አንሺው የካርቶኑን ማሸጊያ በጥፍሩ ዳሰሰው። አንድ ጊዜ ተነሥቶ እንደገና የተለጠፈ መሰለው። እስከ ቅዳሜ አስቀምጥልኝ ብሎ ወጣ።

ሁለተኛውን ያገኘው በማስታወቂያ ነው። «ያገለገለ ሌንስ። ካሜራህን ይዘህ ና፣ ሞክረህ ውሰድ» ይላል፤ ዋጋ አልተጻፈበትም። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሄደ።

በሩን የከፈቱለት አንዲት ሴትዮ ናቸው፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ባለቤታቸው ሳሎን ውስጥ መስኮት አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ናቸው። በሥራ ቀን ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ክራባት አስረዋል፣ ጢማቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተዋል። ኮቱ ግን ሰፍቷቸው ሌላ አንድ ሰው ይጨምራል።

«አርባ ዓመት ፎቶ ቤት ነበረኝ» አሉ። «ይህ ሌንስ የቀረኝ የመጨረሻ ዕቃ ነው።»

ፎቶ አንሺው ግድግዳውን ቃኘ። የሴትዮዋ ፎቶ አለ፤ የልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ የጎረቤት ሳይቀር አለ። የሽማግሌው አንድም የለም። መሃል ላይ የሚያብረቀርቅ አዲስ ምስማር ተመትቷል፤ ምንም አልተሰቀለበትም። ነገሩ ሸተተው። የሌላ ሰው ቤት፣ የሌላ ሰው ኮት፣ ምናልባትም የሌላ ሰው ሌንስ።

«ደረሰኝ አለዎት?»

«ያኔ ደረሰኝ ማን ያስቀምጥ ነበር?»

«ዋጋውስ?»

«እሱን ቅዳሜ እንነጋገራለን። መጀመሪያ ሞክረው።»

ዋጋውን የማይናገር ሻጭ አይቶ አያውቅም። ሌንሱን ወደ ብርሃን ይዞ አየው። ሻጋታ የለም፣ ጭረት የለም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረው። ካሜራው ላይ ገጥሞ ወደ መስኮቱ ሲያዞር ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

«መስኮቱን ተወው፤ እኔን አንሣ።»

«እትዬን ባነሣስ?»

«የእሷማ ሞልቷል።»

ሴትዮዋ መጥተው የባላቸውን ክራባት አቃኑ። «ንገረው እንጂ» አሉ በሹክሹክታ።

«ተይ» አሉ ሽማግሌው። ፎቶ አንሺው ያልሰማ መሰለ፤ ሰምቷል።

አንድ አነሣ። ሁለት አነሣ። ሽማግሌው እያንዳንዱን ካሜራው ላይ እያዩ «ድገም» ይሉታል። አሥራ አምስት ደረሰ። ሌንስ የሚሸጥ ሰው ስለ ራሱ ፊት ምን አስጨነቀው?

«ባለፈው ሳምንት አንድ ሌላ መጥቶ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ገና ሲያየኝ ‹አይዞዎት አባባ› አለኝ። መልሼ ሰደድኩት። አንተ ግን እንደ ሌባ ነው የምታየኝ።»

ፎቶ አንሺው ፊቱ ጋለ። «ኧረ አባባ፣ እኔ እንዲያ አላሰብኩም።»

«አስበሃል እንጂ። ጥሩ ነው፣ እንደዚያው እያየህ አንሣ» አሉና ሳቁ። እዚያው ሳቃቸው ላይ አነሣቸው።

ያችን አይተው «ይችው ናት» አሉ፤ ከዚያ በሁለት እጃቸው ስፋቱን አሳዩት። «ይህን ያህል አድርገህ አሳትማት። በዚህ ስፋት ሽፋሽፍቴ ከጠራ ሌንሱ ደህና ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይዘሃት ና።»

«ቀደም ብታደርግልን» አሉ ሴትዮዋ ከበሩ ዘንድ።

«ቅዳሜ ይበቃል» አሉ ሽማግሌው። ፎቶ አንሺው ሌንሱን ፈትቶ መለሰላቸውና ወጣ።

ፎቶው ሐሙስ ታትሞ ወጣ። ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ፎቶ አንሺው እንዲህ ያለ ሌንስ በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ ያስፈራውም ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ዋጋ ሳይጠራ የሚያቀርብ ማን ነው፣ የሰረቀ ካልሆነ? እሁድ ሠርጉ መሃል ባለቤቱ መጥቶ አንገቱን ቢይዘውስ? አርብ ዕለት ቆረጠ። በጎን የገባውን ይገዛል። ለሽማግሌው ፎቷቸውን ሰጥቶ፣ ሌንሱን አልፈልግም ብሎ ይመለሳል።

ቅዳሜ ጠዋት ከሽማግሌው በር ላይ ሰው ተሰብስቦ አገኘ። አንድ መኪና ቆሟል። ሰዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። «ተያዙ» አለ በልቡ። ጠርጥሮ ስላልተሳሳተ ደስ አለው፤ ያ ሳቃቸው ትዝ ሲለው ደግሞ አዘነ። አብሬ ሳልጠየቅ ልመለስ ብሎ ዞር ሲል ሴትዮዋ አዩት።

ሰዉን አልፈው መጡ። ፎቶውን ከእጁ ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለውን ሌንስ እጁ ላይ አኖሩለት።

«ሳንቀብረው ደረስክለት» አሉት፤ «ሌንሱ የፎቶው ዋጋ ነው ብሏል።»