ሽንኩርት የሌለበት ድስት

ሀዲያ የዶሮዋን ቆዳ ገሽልጣ ጣለችው። ስቡንም ጣለችው። እናቷ ፋጢማ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሚጣለውን በዓይኗ ትከተላለች።

ዶሮዋ እንቁላል ጣይ ነበረች። ጠዋት ጎረቤታቸው ሃሩን ቢስሚላሂ ብሎ ሲያርዳት እንግዳ የመጣባቸው መስሎት ነበር። እንግዳዋ ጆንያ ላይ የተጠቀለለችው ድመት መሆኗን ሲሰማ ግን ቢላዋውን እየጠረገ፣ እየሳቀ ወጣ። መካነ ሰላም ላይ ለድመት ዶሮ ያረደ ሰው ተሰምቶ አያውቅም።

ድመቷን ከትናንት ጀምሮ ያስመልሳታል፣ ያስቀምጣታል። እሷ ከሞተች የጎተራው ዘር የአይጥ ነው። ይህን ፋጢማም አትክድም።

«ሽንኩርቱስ?» አለች።

«ለድመት መርዝ ነው፣ እማ።»

«ጨውስ?»

«አይገባም።»

«በርበሬውንማ አልጠይቅሽም። የሰው ልጅ ሪያድ ሄዶ ቤት ይሠራል። የኔዋ እስኪያባርሯት ድረስ የድመት ሆድ ስታጠና ከርማ መጣች።»

ሀዲያ ሩዙን ጨመረችና እሳቱን ቀነሰች።

ክርስቲያኗ ጎረቤታቸው በዛች ፌጦ በሎሚ በጥብጣ መጣች። ድመቷ የፋሲካውን ጮማ የበላችው እሷ ቤት ነበርና፣ ጥፋተኛ መስላ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«የሁለታችንንም ሥጋ የምትበላ እሷ ብቻ ናት» አለች። «ይኸው፣ የእስላሙና የክርስቲያኑ ሆዷ ውስጥ ተጣሉባት።»

ፋጢማ ሳቋን ዋጠች። «በይ አጠጫት። እኛ ልጅ ያሳደግነው በፌጦ ነው።»

«እትዬ በዛች፣ ሎሚው ያቃጥላታል፤ ይቅርባት» አለች ሀዲያ።

«ግቢና ተቀመጪ በዛች። ዶክተሯ አልፈቀደችም» አለች ፋጢማ።

ሀዲያ ሥጋውን ክር ክር አድርጋ ተለተለችው። እያንዳንዱን ክር በሁለት ጣት አሸት አድርጋ አጥንት ፈለገች። ከላመው ሩዝ ጋር ቀላቅላ፣ ክንዷ ላይ ጠብ አድርጋ ሙቀቱን ለካች። ድመቷን ታቀፈቻት። ቆንጥራ አጎረሰቻትና ጠበቀች። እንደገና ቆንጥራ አጎረሰቻት።

ፋጢማ «እሽሩሩም በያት» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። የልጇን ጣቶች አየች። ይህ የወላድ እጅ ነው። ልጅቱ ደግሞ አልወለደችም።

ድመቷ ዋጠች። አላስመለሳትም። አፏን ላሰችና ራሷ የሀዲያን ጣት ፈለገች።

«የሪያዷ ማዳምሽ ናት ያሳየችሽ?» አለች ፋጢማ።

«አዎ። የሷ ድመት ሆዷን ባመማት ቁጥር ዶሮ እቀቅልላት ነበር።»

«አንቺንስ ሲያምሽ?»

ሀዲያ ቀና አላለችም። ሌላ ክር ሥጋ እየፈለቀቀች፣ «የቀቀልኩበት ውኃ ይተርፍ ነበር» አለች።

በዛች ፌጦውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

ፋጢማ ተነሣች። ለድመቷ የሚሆን እፍኝ በሳህን ቀነሰችና የቀረውን ከነድስቱ ምድጃው ላይ መለሰችው። ከዚያ ትልቅ ሽንኩርት መርጣ መላጥ ጀመረች።

«እማ፣ ሽንኩርት አይሆንም አልኩሽ እኮ» አለች ሀዲያ።

«ድመቷ በልታለች» አለች ፋጢማ፣ ቢላዋዋን ሳታቆም።