የአማልክት መቀመጫ

ሉጥፊያ የጥቁሩን የጀሶ ቀበሮ ሹል ጆሮ በፎጣ ጠቀለለችና ሌላ ፎጣ ደረበችበት። ጭልፊቱንና ባለ ጉትቻዋን ድመትም እንዲሁ አደረገች። የጥንት ግብፆች ይሰግዱላቸው ነበር ይባላል። እሷ የምታውቀው አቧራ ቶሎ እንደሚይዛቸው ነው። የአሠሪዋ የኸዲጋ ሟች ባል ካይሮ በተመላለሰ ቁጥር አንድ አንድ እያመጣ ሳሎኑን የሞላባቸው ናቸው። ሉጥፊያ ስድስት ዓመት ስትወለውላቸው አንዱን እንኳ ጭራ አታውቅም። ዛሬም እንዳይሰበሩ ብላ ትንሹን ካርቶን ትታ ትልቁን አመጣች።

ጥንቃቄዋ ጎዳት።

ከድልድዩ ወዲያ መድፍ አጓራ። የኸዲጋ ወንድም ኢስማዒል ሞተሩን አስነስቶ፣ "ያላ፣ እንሂድ! ከካርቱም መውጫው ሳይዘጋ" አለ። የዕቃ መጫኛው በቤንዚንና በውሃ ጀሪካን ታጭቋል። ኸዲጋ የፊቱን ወንበር ያዘች፤ ሁሉም አያት ለማለት ሀቦባ የሚላት እናቷ ኒዕማና ልጇ ሸህድ ከኋላ ገቡ። አንድ ቦታ ቀረ፤ ሉጥፊያ ከነጋ ጀምሮ የእኔ ነው ስትል የቆየችው ቦታ። ኸዲጋ ካርቶኑን እዚያ አስቀመጠችው።

"አንቺ ቤቱን ጠብቂ። ሾፌሩ ማዚን በሳምንት ውስጥ መጥቶ ይወስድሻል፣ ኢንሻአላህ።"

ማዚን ስልክ ማንሳት ካቆመ አሥር ቀን ሆኖታል። በሰፈሩ ሰው አልቀረም፤ በሩ የተገነጠለ ቤት ግን ሞልቷል።

ሀቦባ ኒዕማ ካርቶኑን በከዘራዋ ነካ አደረገችው። "ፈርዖን ሰጠመ፤ ውሻው መኪና ይሳፈራል።"

"እማ፣ የሟች መታሰቢያ ነው" አለች ኸዲጋ። "ሌላ ምን ቀረኝ?"

ጀሶ ወንበር አግኝቶ ሰው ደጅ ሲቀር ሁሉም ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ሸህድ ብቻ ሉጥፊያን በመስኮቱ ታያት ነበር።

ሉጥፊያ አላለቀሰችም፤ አልለመነችምም። በሩን ከፈተች፣ ካርቶኑን አነሳች፣ ገብታ ተቀመጠችና ጭኗ ላይ አኖረችው።

"ብቻቸውን ከሆኑ መንገዱ ያንገጫግጫቸዋል፣ ሲት ኸዲጋ። እኔ እይዛቸዋለሁ።"

ኸዲጋ ካርቶኑን አየች። "አጥብቀሽ ያዢ" አለች።

ሀቦባ ኒዕማ ጠጋ አለችላት። በሩ ተዘጋ። ካርቶኑ እስከ አገጯ ደርሶ ከፊቷ ያለውን ሁሉ ጋረደባት፤ የቀበሮው ጆሮ በፎጣው አልፎ ሆዷን ይወጋል። አልተንቀሳቀሰችም።

ከመታጠፊያው ሳይርቁ መኪናው ጥይት የበሳሳውን አስፋልት ስቶ ጉድጓድ ውስጥ ዘለለ። የሉጥፊያ ራስ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ። ኸዲጋ ደንግጣ ዞረች።

ሉጥፊያ "አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆንኩም" ልትል አፏን ከፈተች። የኸዲጋ ዓይኖች ካርቶኑ ላይ ነበሩ።

"አልተሰበሩም" አለቻት ሉጥፊያ።