የዝላይ ወንፈል

የሌላ ሰው ላብ የእናቴን ልብ ሊያድን ይችላል? ከሄልሲንኪ ተምሬ የተመለስኩ ሰሞን መልሱን አላውቅም ነበር። ሐኪሙ ስምንት ኪሎ ካልቀነሰች ኦፕሬሽን አልሠራም ብሏል፤ ጉልበቷ ደግሞ አያስዘልላትም። ስለዚህ ጎረቤታችን እትዬ ትርንጎ እናቴ እጅ ላይ ካለው የስፖርት አምባር ጋር የተጣመረውን ሁለተኛ አምባር አስረው፣ በየማለዳው ሳሎናችን ውስጥ ሃያ ሰከንድ እየዘለሉ፣ አሥር ሰከንድ እያረፉ፣ አራት ደቂቃ ይሠሩላት ነበር። የክብደቱ ቅናሽ በአምባሩ በኩል ወደ እናቴ ይተላለፋል፤ ድካሙ ለእርሳቸው ይቀራል። እኔ አላመንኩምና ቁጭ ብዬ አያለሁ።

«እዚያ አገር ሰው ለሰው አይዘልም?» አሉኝ አንድ ቀን እያለከለኩ።

«ሁሉም ለራሱ ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ወንፈል ማን ይገባላቸዋል?»

በሦስተኛው ወር ሚዛኑ ስምንት ኪሎ መቀነሷን አሳየ። «ቀሚሴን በመርፌ ቁልፍ ያዥልኝ፤ ሐኪሙ ፊት እንዳይወልቅ» አለችኝ እናቴ። ሁለታችንም ሳቅን። ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም።

እትዬ ትርንጎ በዚያው ሳምንት ሊያርፉ ልጃቸው ጋ ሄደው ነበር። በራችን ሥር የተዉትን ነጠላ ጫማ አነሳሁ። ሶሉ አልቋል፤ ማሰሪያው እግራቸው ስላበጠ በክር ተቀጥሎ ረዝሟል።

«እትዬ፣ ወንፈሉን ልመልስ። አምባርዎን ያጥልቁ፤ ነገ ማለዳ የእናቴን አስሬ እኔ እዘልልዎታለሁ» ብዬ በስልክ መልእክት ላክሁላቸው።

እናቴ ታክማ ደረጃውን ብቻዋን መውጣት ጀምራለች። የእትዬ ትርንጎ መልስ ግን እስካሁን አልመጣም።