ትምህርት የተባለው ካሴት

በአርባው ማግስት፣ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርትመንታቸው ሴትዮዋ የሟች ባሏን ካሴት ቴፑ ውስጥ ከተተች። ባሏ በሩን ዘግቶ ይሰማውና ብቻውን ይስቅ ነበር። ስትጠይቀው «የእንግሊዝኛ ትምህርት ነው» ይላታል። በእሷ እንግሊዝኛ እየሳቀ እንዳይሆን ስትጠረጥር ኖራለች።

«ማሚ፣ ይሄ ሌሰን አይደለም» አለች ልጇ። «የድሮ የብሪቲሽ ኮሜዲ ነው። ሬዲዮኑ አጠገብ ማይክ አስቀምጦ ነው የቀዳው።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቀው?»

«ሰውየው የሰው በር ያንኳኳል፣ ማንም አይከፍትለትም። አይ ዶንት ኖው፣ ማሚ፤ እኔንም አላሳቀኝም።»

ካሴቱ ውስጥ እንግሊዛዊው እንደገና አንኳኳ። ፀጥ አለ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከማድ ቤት በኩል፣ የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ በአማርኛ «ማነው? ግቡ፣ ክፍት ነው!» ብሎ ተጣራ። ወዲያው የእንግሊዞቹ አዳራሽ በሙሉ በሳቅ አውካካ፤ ባሏም ከማይኩ አጠገብ ትንፋሽ እስኪያጥረው ሳቀ።

«እንዴ! እኔ ነኝ እኮ!» አለች ሴትዮዋ። «የእኛ በር መስሎኝ!»

ደጋግመው ሰሙት። ማምሻውን ቴፑ ካሴቱን በላው፤ ልጅቷ ክሩን አውጥታ በእስክሪፕቶ መልሳ ጠቀለለችው።